የከባድ ማሽን ኩሽኔታ ግራሶ ላይ ናኖ መጨመር፦ ሳይጓጉል፣ ኩሽኔታም ሳይነድ

ጅማ ውስጥ ከክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ) ጀምሮ እስከ ቡና መፈልፈያ ድረስ ግራሶ ላይ ናኖ (እጅግ ደቃቅ ጠጣር ብናኝ) የሞከሩ መካኒኮች የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። «ጨመርንበት፣ ኩሽኔታው ግን ይባስ ጋለ» ይላሉ። ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁ ዱቄቱ በእንጨት ተማስሎ ገብቷል፣ አሮጌው ግራሶ አልወጣም፣ መጠኑም በግምት ነው። በዚህ አካሄድ ምርጡ ናኖም አይሠራም። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት፤ አንዱን ደረጃ ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ። አንድ ኩሽኔታ ከሸገር 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እስኪመጣ የቆመ ማሽን ምን ያህል እንደሚያከስር እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የትኛው ኩሽኔታ ላይ?

ናኖ ቅንጣት ከ100 ናኖ ሜትር በታች የሆነ ጠጣር ብናኝ ነው። ብረትና ብረት በሚፋተጉበት ቦታ ገብቶ ጭረት ይሞላል፣ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ፍትጊያውን ይቀንሳል። ብረቶቹ ካልተነካኩ ግን የሚሠራው ሥራ የለም። ፈጠን ብሎ የሚዞር ኩሽኔታ ግራሶው በትክክል ከተመረጠለት በዘይቱ ሽፋን ላይ ነው የሚሄደው፣ ብረቱ ብረት አይነካም። ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ከባድ ጭነት የተሸከመ፣ ምት የሚበዛበት ከሆነ ግን ያ ሽፋን ይሳሳና ይበጠሳል። ናኖ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ስለዚህ የኤክስካቫተርና የሎደር ፒንና ቡሽ (የክንዱ መገጣጠሚያ ዘንግና ማቀፊያው)፣ ቀስ ብለው የሚዞሩ የኮንቬየር ከበሮዎች፣ ከባድ ጭነት ይዘው ዝግ ብለው የሚሠሩ ኩሽኔታዎች ላይ ሞክሩት። እነዚህ ላይ ግን አትሞክሩት፦

የኤሌክትሪክ ሞተር። በደቂቃ 1,450 ዙር ለሚዞር ኩሽኔታ ጠጣር ብናኝ ትርፉ ጣጣ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሞተሮች ውስጥ ያለው ፖሊዩሪያ ግራሶ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተለመደው የሊቲየም ግራሶ ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም።

በሁለቱም በኩል የተዘጋ ኩሽኔታ። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አትክፈቱ፣ ለዕድሜው የሚሆነውን ግራሶ ይዞ ነው የመጣው።

ኮንቬየር ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ክላች። ይህ ዕቃ የሚሠራው በፍትጊያ ነው። አንሸራታች ብናኝ ከገባበት አይዝም፤ ድንጋይ የጫነ ኮንቬየር ወደ ኋላ ከሮጠ ደግሞ ሰው ይገድላል።

አውቶማቲክ የግራሶ ማከፋፈያ። ቀጫጭን ቱቦዎቹ ትንሽ ጓጉል ካገኙ ይደፈናሉ። በጋራዥ የቀላቀላችሁትን እዚያ ውስጥ አትክተቱ።

ከቡናው በላይ ወይም አጠገብ ያለ ኩሽኔታ። እዚህ ላይ ላጥብቅ፣ ምክንያቱም ከጎማ ወረዳ እስከ ሊሙ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። መፈልፈያና መቀሸሪያ ላይ ግራሶው ሊንጠባጠብ የሚችልበት ቦታ ሁሉ «ኤች1» የሚል ምልክት ያለው፣ ለምግብ ማሽን የተፈቀደ ግራሶ ብቻ ይፈልጋል። ሞሊ (ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ) ወይም መዳብ ኦክሳይድ ያለበት ግራሶ ቡና ላይ ማረፍ የለበትም። ቡና ሽታ ይስባል። የዓመት ልፋት በግራሶና በነጭ ጋዝ ሽታ ምክንያት ከደረጃ ሲወርድ ማየት ያሳዝናል።

ማሽኑ ገና ዋስትና ላይ ከሆነም አምራቹ ከጻፈው ውጪ ምንም አትጨምሩ። አስቀድሞ የሚጮህ ወይም የሚንገጫገጭ ኩሽኔታ ደግሞ ይቀየር፤ የተቦረቦረ ብረት በናኖ አይድንም።

ደረጃ 1፦ አሁን ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ እወቁ

የግራሶ ቀለም አትመኑ። ቀይም ሰማያዊም ማቅለሚያ ነው፤ ዓይነቱን አይነግራችሁም። ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ማወፈሪያው፣ ማለት ዘይቱን ይዞ ግራሶ የሚያደርገው (ሊቲየም፣ ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ካልሲየም ሰልፎኔት፣ ፖሊዩሪያ)፣ ውፍረቱ (ኤንኤልጂአይ በሚባለው የግራሶ ውፍረት መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ 2) እና የውስጡ ዘይት ቅጥነት። ለቀርፋፋና ከባድ ሥራ የአይኤስኦ ቪጂ (የዘይት ውፍረት ደረጃ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዘይቱ ይወፍራል) 220 ወይም 460 ዘይት ያለበት ይሻላል። ዘይቱ ቀጭን ከሆነ አስቀድማችሁ ግራሶውን ቀይሩ። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ችግሩ ይፈታል፣ ናኖም አያስፈልጋችሁም።

የቀድሞው መካኒክ ምን እንዳስገባ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ አትገምቱ። ፈታችሁ ሙሉ በሙሉ አጽዱትና ከዜሮ ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ዱቄት ሳይሆን የተዘጋጀውን ግዙ

ደረቅ ናኖ ዱቄት በላስቲክ አንጠልጥሎ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ እለፉት። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ደረቅ ዱቄት እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ ላብራቶሪ ውስጥ እንኳ በአልትራሳውንድ መሣሪያና ቅንጣቱን በሚሸፍን እንደ ኦሌይክ አሲድ ባለ ነገር ነው የሚበታተነው። በእጅ ብታማስሉት እንደ ተቸኮለበት ገንፎ ይጓጉላል፤ ጓጉሉ ደግሞ ናኖ መሆኑ ቀርቶ አሸዋ ነው። ሁለተኛ፣ ብናኙ በአየር ይንሳፈፍና ሳንባ ይገባል። ከናኖ ዱቄቶቹ አንዱ የሆነውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የካርበን ናኖ ቱቦ ያለበትን ደግሞ ጭራሽ አትንኩት።

የሚሻለው ፋብሪካ ቀላቅሎ የጨረሰው ግራሶ ነው። ካልተገኘ እናንተ ከምትጠቀሙበት ግራሶ ጋር በአንድ ዓይነት ማወፈሪያ የተሠራ ወፍራም ውህድ ግዙ። ዕቃው ላይ የቅንጣቱ ዓይነት፣ መጠኑ በናኖ ሜትር፣ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ይህ ከሌለው መጠን ማስላት አትችሉም፤ አትግዙት።

ስለ ዓይነቱ በአጭሩ፦ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ፣ መካኒኩ ሞሊ የሚለው፣ ለከባድ ጭነትና ለምት ጥሩ ነው፤ እርጥበት ግን አይወድም። በፋብሪካ የሚመጣው የፒን ግራሶ ውስጥ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ሞሊ ይገኛል፣ ያ ግን ተለቅ ያለ ቅንጣት ነው፤ ያንን ቁጥር ወደ ናኖ አታምጡት። ቦሮን ናይትራይድ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ግራፊን ጥሩ ሆኖ ሳለ በቀላሉ ይጓጉላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ በማያቋርጥበት አገራችን ከናኖው በፊት ዋናው ግራሶ ውሃ የሚቋቋም ይሁን። ካልሲየም ሰልፎኔት በዚህ በኩል ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ይስማሙ እንደሆነ ፈትኑ

ሦስት ንጹሕ ብልቃጥ አዘጋጁ። አንዱ ውስጥ 1 እጅ አዲስና 9 እጅ አሮጌ፣ ሁለተኛው ውስጥ እኩል በእኩል፣ ሦስተኛው ውስጥ 9 እጅ አዲስና 1 እጅ አሮጌ አድርጋችሁ ለውሱ። «አሮጌ» ስል ከኩሽኔታው የወጣውን ቆሻሻ ማለቴ አይደለም፤ ከዚያው ዓይነት ካልተከፈተ ዕቃ ውሰዱ። ከድናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ለሁለት ቀን አስቀምጡት። እሳት ላይ አይደለም።

ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከቀለጠ፣ ዘይት ከተፋ ወይም እንደ ጎማ ከጠነከረ አይስማሙም። ያኔ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያላችሁ፦ ኩሽኔታውን ፈትታችሁ ሙሉ በሙሉ ማጠብ ወይም ሌላ ግራሶ መፈለግ። «እየገፋን እናወጣዋለን» አይሠራም፤ ጥግ የቀረው አዲሱን ያበላሸዋል።

ደረጃ 4፦ ቦታና ዕቃ አዘጋጁ

የጅማ ቀይ አፈር ቀልድ አይደለም። በዓይን የምትታይ ትንሿ የአቧራ ቅንጣት 40 ማይክሮን አካባቢ ናት፤ ከ100 ናኖ ሜትር ቅንጣት ጋር ስትተያይ 400 ጊዜ ትበልጣለች። አንድ ቁንጥር አፈር የናኖውን ጥቅም ሁሉ ያጠፋዋል። በር ዝጉ፣ መሬቱን አትጥረጉ፣ ውሃ ርጫችሁ አቧራውን አስተኙ። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ላስቲክ ዘርጉ። ዝናብ እየጣለ፣ ቆርቆሮው እያንጠባጠበ አትቀላቅሉ።

የሚያስፈልጋችሁ፦ በ0.1 ግራም የሚመዝን ሚዛን፣ የብረት ወይም የመስታወት ዕቃ፣ ጠፍጣፋ የብረት ማላወሻ፣ የናይትራይል ጓንት፣ የአቧራ ማስክ (ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95)፣ ሁለት ቁራጭ መስታወት፣ ክር የማይተው ጨርቅ። ትራፓኖ አያስፈልግም። በትራፓኖ መምታት አየር ያስገባበታል፣ የማወፈሪያውን ክሮችም ይበጣጥሳል፣ ግራሶው ይቀጥናል።

ደረጃ 5፦ መጠኑን አስሉ፣ ከዚያ በእጥፍ በእጥፍ ቀላቅሉ

በብዛት የሚሠራው መጠን ከጠቅላላው ክብደት ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው። በ0.5 ጀምሩ። «ትንሽ ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ከልኩ ሲያልፍ ቅንጣቶቹ ይሰባሰባሉ፣ ፍትጊያውም ተመልሶ ይወጣል።

ምሳሌ፦ 2 ኪሎ ግራሶ ትፈልጋላችሁ እንበል። የ2,000 ግራም 0.5 በመቶ 10 ግራም ቅንጣት ነው። የገዛችሁት ውህድ 10 በመቶ ከሆነ 100 ግራም ውህድ ያስፈልጋል፣ የቀረው 1,900 ግራም ንጹሕ ግራሶ ነው። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያስላው። ዜሮ መሳሳት ቀላል ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉ፦

1. 100 ግራሙን ውህድ ዕቃው ውስጥ አድርጉ።
2. 100 ግራም ንጹሕ ግራሶ ጨምሩና ከዕቃው ጎን ጋር እየጫናችሁ፣ እያጠፋችሁ ለውሱ። አትምቱ፣ አታራግቡ።
3. ቀለሙ አንድ ወጥ ሲሆን 200 ግራም ጨምሩ፣ ደግማችሁ ለውሱ።
4. 400 ግራም፣ ከዚያ 800 ግራም። በየመሀሉ የዕቃውን ጎንና ታች ፍቁ፤ ያልተነካ ግራሶ እዚያ ይደበቃል።
5. የቀረውን 400 ግራም ጨምራችሁ ጨርሱ።

ሁሉን አንዴ ከገለበጣችሁት አንድ ወጥ አይሆንም፣ ክንዳችሁ እስኪዝል ብትለውሱም። ጠዋት ላይ ግራሶው ከብዷችሁ ከሆነ ክዳኑን ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት። እሳት ላይ የሚያሞቅ ሰው ግን አለ፣ እባካችሁ አታድርጉት፤ ግራሶውም ይበላሻል፣ ቤቱም ይቃጠላል።

ውህዱ በግራሶ ሳይሆን በፈሳሽ ዘይት የተዘጋጀ ከሆነ ግራሶውን ያለሰልሰዋል። ከቀላቀላችሁ በኋላ ከማላወሻው ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ለኩሽኔታ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ከማስገባታችሁ በፊት አረጋግጡ

የስንዴ ፍሬ የምታህል ግራሶ በሁለት መስታወት መሀል ጨፍልቁና ወደ ፀሐይ ያዙት። አንድ ወጥ ከሆነ ጥሩ። ነጥብ ነጥብ ወይም ጭረት ካያችሁ ጓጉሏል። ከሦስት ቦታ ውሰዱ፦ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች። ከዚያ በሁለት ጣት መሀል አሹት፤ የሚቆረቁር ነገር ካለ ወይ ጓጉል ነው ወይ አፈር።

ጭረት ብቻ ከሆነ እንደገና ለውሱትና ድገሙ። ነጥቡ ከሁለተኛ ዙር በኋላም ካልጠፋ ያንን ግራሶ ኩሽኔታ ውስጥ አታስገቡት። ለበር ማጠፊያ ይሁን። 2 ኪሎ ግራሶ መጣል ያናድዳል፣ ግን ከኩሽኔታ ይረክሳል።

ደረጃ 7፦ ማጠብና መሙላት

ማሽኑን አጥፉ፣ ዋናውን ማብሪያ ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ፣ ሳይታሰብ ይመጣል። የኤክስካቫተር ክንድ ከሆነ ባልዲውን መሬት ላይ አሳርፉ።

ኩሽኔታው የሚፈታ ከሆነ በንጹሕ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ እጠቡት፣ በሌላ ንጹሕ ዙር አለቅልቁት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። በኮምፕሬሰር አየር እየነፋችሁ አታሽከርክሩት፤ ደረቅ ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ይጫጫራል፣ ሊበተንም ይችላል። ኩሽኔታውን ራሱን በአዲሱ ግራሶ ሙሉ ሙሉት። ኩሽኔታው የተቀመጠበትን ቤት ግን ከባዶው ቦታ ከ30 እስከ 50 በመቶ ብቻ። ሙሉ ቤት ግራሶውን ያናውጠዋል፣ ይግላል፣ «ናኖው አቃጠለው» የሚባለውም አንዱ ይኸው ነው።

ሳይፈታ የሚጨመርበት ከሆነ መጠኑ በዚህ ይሰላል፦ የኩሽኔታው የውጭ ክብ ስፋት (ዲያሜትር) በሚሊ ሜትር፣ ሲባዛ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፣ ሲባዛ 0.005፤ መልሱ ግራም ነው። ለምሳሌ 22220 ቁጥር ኩሽኔታ 180 በ46 ነው፣ ስለዚህ 41 ግራም አካባቢ። ፓምፓችሁ በአንድ ግፊት ስንት ግራም እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ እወቁ፦ 10 ጊዜ ወረቀት ላይ ግፉ፣ መዝኑ፣ ለ10 አካፍሉ። 1.2 ግራም ከሆነ 34 ግፊት ይበቃል።

ኒፕሉን (የግራሶ ማስገቢያውን ጫፍ) ከመጫናችሁ በፊት ጥረጉት። የግራሶ መውጫ ቡሎን ካለ ክፈቱት። ቀስ ብላችሁ ግፉ። ፓምፑ አልሄድ ካለ በጉልበት አትግፉት፣ ሲሉን (ግራሶው እንዳይወጣ የሚያሽገውን) ታፈርሱታላችሁ፤ ኒፕሉን ፈትታችሁ አጽዱት ወይም ቀይሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ የተቀደደ የፓምፕ ጎማ በእጃችሁ አትያዙ። በግፊት የወጣ ግራሶ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ እንደ መርፌ ቀዳዳ ትንሽ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፣ ግን ጣት ያስቆርጣል። «ነገ አየዋለሁ» የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ሂዱና ግራሶ በግፊት ገባ ብላችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 8፦ ማስነሳትና መከታተል

መጀመሪያ በአንድ ኩሽኔታ ብቻ ሞክሩ፣ ሙሉ ማሽኑን አትቀይሩ። ሳይቀየር በፊት የነበረውን ሙቀት ጽፋችሁ መያዝ አለባችሁ፣ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ነገር የለም። በዚያው ዘንግ ላይ ካለው ጓደኛው ጋር ብቻ አታወዳድሩት፤ በቺንጋው በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ጭነቱ ይከብደዋል።

የጅማ ጠዋትና ቀትር አንድ አይደለም። ስለዚህ የኩሽኔታውን ሙቀት ብቻ ሳይሆን የአየሩንም ለኩ፣ ልዩነቱን ጻፉ። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የምትለኩ ከሆነ ቤቱ ላይ በጥቁር ቀለም ነጥብ አድርጉና ሁልጊዜ እዚያው ለኩ፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ቴርሞሜትሩ አሳንሶ ያነባል።

ያለ ጭነት አስነሱት፣ ከዚያ ጭነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሙቀቱ ከፍ ብሎ መውረዱ ያለ ነው፣ አትደናገጡ። ካልወረደ ወይም 90 ዲግሪ ካለፈ አቁሙ።

ከዚያ በኋላ የግራሶ ጊዜውን አታራዝሙ። ናኖ ስለገባ «አሁን ወር ይቆያል» የሚባል ነገር የለም። ጭቃ ውስጥ የሚሠራ የኤክስካቫተር ፒን በየቀኑ ይፈልጋል፣ ናኖ ኖረም አልኖረም። ኩሽኔታው ከ70 ዲግሪ በላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በየ15 ዲግሪው ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ሙቀቱ አልወርድ አለ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብዛት ነው። መውጫውን ክፈቱ፣ ያለ ጭነት አዙሩት፣ ትርፉ ይውጣ። አሁንም ካልወረደ ፈትታችሁ እዩት።

በሲሉ በኩል ዘይት እየቀጠነ ይፈሳል። ሁለቱ ግራሶ አልተስማሙም። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፣ ኩሽኔታውን እጠቡ።

ግራሶው ወተት መሰለ። ውሃ ገብቷል፣ ናኖውን አትውቀሱ። ሲሉን ቀይሩ፣ ማሽኑን በግፊት ውሃ ስታጥቡ ኩሽኔታው ላይ አታነጣጥሩ።

ግራሶው ጠቆረ፣ ብረት መልቀቁን ማወቅ አቃተ። ሞሊና ግራፊን ከመጀመሪያው ጥቁር ስለሆኑ ቆሻሻውን ይደብቃሉ፤ ይህ የጥቁር ናኖ ትልቁ ጉዳቱ ነው። ትንሽ ግራሶ ነጭ ወረቀት ላይ ቀቡ፣ በትንሽ ነጭ ጋዝ አቅጥኑት፣ ከወረቀቱ ሥር ማግኔት አንቀሳቅሱ። የሚከተል ነገር ካለ የብረት ፍቅፋቂ ነው። ሞሊና ግራፊን ማግኔት አይከተሉም።

ድምፁ ተቀየረ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የማይዞረው የኩሽኔታ ቤት ላይ አድርጋችሁ እጀታውን ወደ ጆሯችሁ አስጠጉ፤ ልብሳችሁና ጸጉራችሁ ከቺንጋው ይራቅ። ወጥ የሆነ ድምፅ ደህና ነው። የሚቆራርጥ ወይም በየዙሩ የሚደጋገም ምት ከሰማችሁ አቁሙ፤ ቀለበቱ ተቦርቡሯል፣ አዲስ ኩሽኔታ እዘዙ። አዲሱን ስታስገቡ መጀመሪያ ያለ ናኖ፣ በንጹሕ ግራሶ አስነሱትና ሙቀቱን መዝግቡ። ናኖውን ከዚያ በኋላ ስትጨምሩ ያ ቁጥር መነሻ ይሆናችኋል።